የታጠነ ብርጭቆ

ልጅቷ ወደ ላቦራቶሪያችን በመጣች በማግስቱ አረንጓዴ ውሃዋን ልደፋባት ምንም አልቀረኝም ነበር።

እንዴት አልደፋው! የእኔ ሥራ እኮ አረንጓዴ ማስለቀቅ ነው። ቤቴ ቁስቋም ነው። የቧንቧ ውሃ በመጣች ቀን በርሜል እንሞላለን፤ በርሜሉ ፀሐይ ካየ ብዙም ሳይቆይ ግድግዳው አረንጓዴ ያበቅልና እጅ ያሟልጫል፤ እሱን በአሸዋ ፈግፍጎ ማጠብ ነው። ላቦራቶሪ ስቀጠርም ያዘዙኝ ይህንኑ ነው፤ ብርጭቆ እጠቢ፣ ወለል ወልውዪ፣ ጠርሙስ ውስጥ የበቀለ ነገር ካየሽ በበረኪና አጥፊ። ታዲያ ያን ቀን ጠዋት ስገባ አንገታቸው ቀጭን፣ ሆዳቸው ሰፊ ብርጭቆዎች መስኮቱ ሥር ተደርድረዋል። ውስጣቸው ጎመን የተቀቀለበት ውሃ የመሰለ ነገር አለ። አንዱን አነሳሁና የጥጥ ውታፉን ነቅዬ ወደ ማጠቢያው ዘንበል ሳደርገው ከኋላዬ ጩኸት ሰማሁ።

«እትዬ! እትዬ፣ በእመብርሃን!»

ዞር ስል ነጭ ጋዋን የለበሰች ቀጭን ልጅ ሁለት እጇን ዘርግታ ቆማለች፤ ከእጄ ሕፃን ሊወድቅ የደረሰ ነው የሚመስለው።

«ቆሻሻ ነው እኮ» አልኳት።

«ቆሻሻ አይደለም እትዬ። ዶክትሬቴ ነው።»

እንዲህ ነው የተዋወቅነው። ከጭልጋ ገጠር ወጥታ እዚህ ጎንደር ከተማ ዶክትሬቷን የምትሠራ ልጅ ናት፤ ዕድሜዋ ከመጀመሪያ ልጄ ጋር እኩል ነው። ከዚያን ቀን ጀምሮ የእሷን ፍላስኮች የማጥበው እኔ ሆንኩ። ፍላስክ ነው የሚባለው ያ አንገቱ ቀጭን ብርጭቆ።

እኔ ትምህርት ቤት ደጃፍ አልረገጥኩም። ፊደል የለየሁት እናቴ ቤት ግድግዳ ላይ ነው። ጭቃው እንዳይረግፍ አሮጌ ጋዜጣ በዱቄት ሙጫ እንለጥፍበት ነበር፤ ታላቅ ወንድሜን «ይቺ ማን ናት፣ ያቺስ?» እያልኩ ፊደሎቹን አንድ በአንድ ለቀምኳቸው። ደግሞ አንዱ ዜና መሀሉ ላይ ሲደርስ ሌላ ጋዜጣ ይጋርደዋል። የቀረውን እኔ ከራሴ እጨርሰው ነበር። ወሬ መውደዴ ከዚያ ሳይመጣ አይቀርም። የፈረንጁን ፊደል ደግሞ ከመድኃኒት ጠርሙሶች ላይ ነው የተማርኩት፤ ትርጉሙን ባላውቅም እያነበብኩ ነበር የማጥባቸው። እናም ልጅቷ ጠያቂ መሆኔን ስታይ አልሰለቸችኝም። አንድ ቀን ማይክሮስኮፑ ፊት አስቀመጠችኝ።

«አንድ ዓይንዎን ይጨፍኑ። ምን ይታይዎታል?»

መጀመሪያ የራሴን ሽፋሽፍት ነው ያየሁት። ቆይቶ ሌላ አገር ተከፈተልኝ። ክብ ክብ አረንጓዴ ነገሮች፣ ልክ እንደ አተር፤ በአጠገባቸው ደግሞ ነጥብ የምታክል፣ የምትርገበገብ ነገር።

«አረንጓዴዋ አልጌ ናት» አለችኝ። «የትምህርት ቤቱ መጽሐፍ ዋቅላሚ ይላታል። ያቺ የምትርገበገበው ባክቴሪያ ናት።»

«ትበላታለች?»

«አትበላትም። ትቀልባታለች።»

አልጌዋ ከፀሐይ ስኳር ትሠራለች አለችኝ። ከስኳሩ የተረፋትን ወደ ውሃው ትለቃለች፤ ባክቴሪያዋ እሱን ትበላለች። ባክቴሪያዋ በፈንታዋ አልጌዋ መሥራት የማትችለውን ቫይታሚን ትሰጣታለች። ያ ቫይታሚን ከሌለ አልጌዋ ትሞታለች።

«ጉርብትና ነዋ!» አልኳት።

«ጉርብትና ነው። ይለያዩ ብንላቸው ስንት ቀን ይቆያሉ? ተመልሰው ቢገናኙስ እንደ ድሮው ይሆናሉ ወይስ ይረሳሳሉ? ጥያቄዬ ይሄ ነው።»

«ለዚህ ነው አራት ዓመት የምትማሪው?»

«ለዚህ ነው።»

«ወይ ጉድ! እኔንና ጎረቤቴን ብትጠይቂን በአንድ ከሰዓት እንነግርሽ ነበር። ተጣልተን ስንት ፋሲካ አሳልፈናል መሰለሽ።»

ሳቀች። ስትስቅ ፊቷን በክንዷ ትጋርዳለች። ይሄን ሁሉ የማወራው ጥያቄዋ የኔም ጥያቄ ሆኖ ስለነበር ነው። ቤቴ ስገባ ራሱ፣ ወጥ እያማሰልኩ፣ ተመልሰው ሲገናኙ ምን ይባባሉ ይሆን እላለሁ።

ውሃው የመጣው ከሩቅ ነው። ከደባርቅ ወዲያ መንገዱ እየተጠማዘዘ ወደ ዛሪማ ሲወርድ፣ አንድ ቦታ ላይ ከዓለት ውሃ ይንጠባጠባል፤ ዓለቱን አረንጓዴ ለብሶታል። ከተለያየ ቦታ ውሃ ቀድታ ስትመረምር እንዲህ አጥብቀው የሚፈላለጉ ጎረቤታሞች ያገኘችው እዚያች ዓለት ላይ ብቻ ነው። አንድ ጊዜ እኔንም ዕቃ ያዢልኝ ብላ ይዛኝ ሄዳለች። መኪናው ተራራውን እየተጥመለመለ ሲወርድ ዓይኔን ጨፍኜ ውዳሴ ማርያም ስደግም ነበር፤ እሷ ደግሞ ጠርሙስ ትቆጥራለች።

ከዓለቱ ሥር እርሻ ያላቸው አንድ ሽማግሌ ነበሩ። ዱላቸውን ትከሻቸው ላይ አጋድመው መጡና ከላያችን ቆሙ። ልጅቷ ዓለቱን በትንሽ ማንኪያ እየፋቀች ነው።

«እንደምን ዋላችሁ! ምነው ድንጋይ ትልሳላችሁ?»

«ውሃ ልንቀዳ ነው አያ» አለች ልጅቷ።

«ይሄንን? ከዚህ ላይ ወጣ ብትሉ ሸጋ ምንጭ አለ፤ እንባ የመሰለ። ነይ፣ እኔ ራሴ እቀዳልሻለሁ።»

«የለም አያ፣ እኔ የምፈልገው ይሄን አረንጓዴውን ነው።»

«ምን ልታረጊበት?»

«ልማርበት።»

ወደ እኔ ዞሩ። «ይቺ ልጅ ደህና ናት?»

«ደህና ናት» አልኩ። «ዶክተር ልትሆን ነው።»

«የምን ዶክተር? የድንጋይ?»

እኔ ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ። እሳቸውም ሳቁ። ግን ሐሳባቸው አልለቀቃቸውም፤ ጠርሙሶቹን ስንከድን እያዩ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። የሰው እንግዳ አገራቸው መጥቶ እንዲህ ያለ ውሃ ቀድቶ መመለሱ አሳፍሯቸዋል። የስልክ ቁጥራቸውን ሰጡን። መኪናው ሊነሳ ሲል በመስኮቱ ጎንበስ ብለው፣ «በሞቴ፣ ሌላ ጊዜ ስትፈልጊ ደውይልኝ፤ ጥሩ ውሃ እልክልሻለሁ» አሉ።

ከዚያ በኋላ ያ መንገድ እንደ ልብ የሚኬድበት መሆኑ ቀረ። አንድ ሳምንት ይከፈታል፣ ሦስት ሳምንት ይዘጋል። ሲከፈትም ሰው ተሳልሞና ተሰነባብቶ ነው የሚሄድበት። ስለሱ ብዙ አላወራም፤ የኛ አገር ሰው ያውቀዋል። የላቦራቶሪው መኪና ወደዚያ አይሄድም ተባለ፤ አለቀ።

መብራቱ ደግሞ አለ። ልጅቷ ለክፉ ቀን ብላ ከአልጌዎቹም ከባክቴሪያዎቹም በበረዶ ማሽኑ ውስጥ አስቀምጣ ነበር። መብራት ጠፍቶ ቀናት ሲቆጠሩ፣ የጄኔሬተሩም ነዳጅ ሲያልቅ፣ ሁሉም ቀለጠ። ማሽኑን ከፍተን ስናየው የተረፈው ከታች የተጠራቀመ ውሃ ብቻ ነው። እኔ ወለሉን ስወለውል እሷ ቆማ ታያለች። ለብቻቸው ያሳደገቻቸው ባክቴሪያዎች ያሉባቸው ሳህኖችም ሻጋታ በላቸው። በሕይወት የቀረው መስኮቱ ሥር ያለው ብቻ ሆነ፤ ሁለቱ ጎረቤታሞች አብረው ያሉባቸው ሦስት ፍላስኮች።

«ሦስት ይበቃኛል» አለች። «ከሦስት ሠላሳ አደርጋለሁ።»

ልክ ነበረች። እርሾ ያለው ሰው እኮ አይጨነቅም። ግን የቀራት ጊዜ አጭር ነው። የቀራት ሙከራ ያ የመጨረሻው፣ መለያየቱና መልሶ መገናኘቱ ነው። ክረምት ሳይገባ ውጤቱን ለአስተማሪዋ ካላስረከበች ያ ምዕራፍ ከጽሑፏ ይወጣል ተብላለች። ያ ምዕራፍ ከወጣ ደግሞ የቀረው የሁለት ጎረቤታሞች ስምና መልክ ነው፤ ጥያቄው ራሱ የለም።

በየሁለት ሳምንቱ ከአሮጌው ውሃ ትንሽ ወደ ንጹሕ ፍላስክ፣ አዲስ ምግብ ወዳለው ውሃ መገልበጥ አለባት። ፍላስኮቹ አስቀድመው በትኩስ እንፋሎት ይቀቀላሉ። ለዚያ የተሠራው ማሽን በመብራት ነው የሚሄደው፤ ስለዚህ እሷ ከቤቷ ክዳኑ የሚቆለፍ ድስት አመጣችና ጓሮ ከሰል አቀጣጥለን በዚያ እናፈላ ጀመር። የመገልበጫው ቀን ሲደርስ ግን ጠዋት ፈተና ፈትኚ ተብላ ተጠራች። በር ላይ ሆና እንዲህ አለችኝ፤

«እትዬ፣ ስድስቱን ፍላስክ አጥበው በድስቱ ያፍሉልኝ። በደንብ፣ በደንብ ንጹሕ ይሁኑ፤ ያሉን እነዚህ ብቻ ናቸው።»

«ሂጂ፣ አታስቢ» አልኳት።

በደንብ ንጹሕ። እስቲ አስቡት፣ ይሄን ቃል ለእኔ ማለት! እናቴ ቤት ዕቃ በውሃ ስለታጠበ ብቻ ንጹሕ አይባልም። የወተቱ ቅል፣ የጠላው እንስራ በግራዋ ቅጠል ይታሻል፣ ይለቀለቃል፣ ይደርቃል፤ ከዚያ የወይራ ፍልጥ ፍም ላይ ይደረግና ዕቃው ጢሱ ላይ ይደፋል። እጅ ሲነካው ሙቀቱ እስኪሰማ ድረስ። እንዲያ በታጠነ ቅል ውስጥ ወተት ቶሎ አይበላሽም። እኔም እስከ ዛሬ ለሰው በማቀርበው ዕቃ እንዲሁ ነው የማደርገው። ያን ቀን ደግሞ ለማኅበር ጠላ ልጠምቅ የገዛሁት ወይራ ቦርሳዬ ውስጥ ነበር። ከሰሉም ተቀጣጥሏል። የልጅቷ አራት ዓመት ስድስት ብርጭቆ ላይ ተንጠልጥሏል። ታዲያ በቧንቧ ውሃና በሳሙና ብቻ ልልቀቃቸው?

አንድ በአንድ አንገታቸውን ይዤ ጢሱ ላይ ደፋኋቸው። ብርጭቆ ቶሎ ይሞቃል፤ ጢሱ ውስጡ ገብቶ እንደ ደመና ሲሽከረከር ደስ ይላል። ከዚያ ለቅለቅ አድርጌ ድስቱ ውስጥ አፈላኋቸው። ስትመለስ አልነገርኳት። ለመደበቅ አይደለም። እንግዳ ቤት ሲመጣ ዕቃው ታጥኗል ተብሎ አይነገረውም፤ ቀምሶ ይወቀው እንጂ።

ድስቱን ስትከፍት ወይራው ሸተታት።

«እትዬ፣ ቤቱ ሁሉ እርስዎን እርስዎን ይሸታል» አለች እየሳቀች።

ነጠላዬ ወይራ እንደሚሸት ዘወትር ትነግረኛለች። እኔም ሳቅሁ።

ከሦስቱ አሮጌዎች ወደ ስድስቱ ገለበጠች። በአራተኛው ቀን አዲሶቹ አረንጓዴ ስለመሰሉና ለሙከራው ፍላስክ ስላነሳት፣ ሦስቱን አሮጌዎች እጠቢልኝ አለችኝ። አጠብኳቸው። በበረኪና። አንድም ነገር አላስቀረሁባቸውም።

መለወጥ የጀመሩት ከታች ነው። መጀመሪያ ሥራቸው ላይ የሽሮ ዱቄት የመሰለ ነገር ተቀመጠ። ቀጥሎ አረንጓዴው እየሳሳ ቢጫ ሆነ፣ ቢጫው ነጣ። ስድስቱም፤ አንዱ እንኳ አልዘገየም። ልጅቷ ወደ መስኮቱ አስጠጋቻቸው፣ ከመስኮቱ አራቀቻቸው። ማታ ማታ በርዷቸው ይሆናል ብላ ሹራቧን አውልቃ ጠቀለለችባቸው። ውሃውን ጠረጠረች፣ ጨዎቹን ጠረጠረች፣ የራሷን እጅ ጠረጠረች። ምግብ ሳመጣላት «ቆይ እትዬ» ትላለች፤ ምግቡ እንደተከደነ ይመለሳል።

አንድ ከሰዓት ከማይክሮስኮፑ ቀና ሳትል ተናገረች።

«ቀድመው የሄዱት ባክቴሪያዎቹ ናቸው። አልጌዎቹ ቆይተው ነው የተከተሉት። የሆነ ነገር ገድሏቸዋል እትዬ። ባክቴሪያ የሚገድል ነገር።»

እጄ ጨርቅ ይዞ ነበር። ጨርቁን አስታውሳለሁ፤ ሰማያዊ ነው። ወተት የሚያበላሸው ባክቴሪያ ነው ብላ ያስተማረችኝ እሷው ራሷ ናት። በታጠነ ቅል ወተት የማይበላሸው ለምን እንደሆነ ግን እስከዚያች ደቂቃ ድረስ አንድ ቀን አስቤው አላውቅም።

ያን ቀን አልተናገርኩም። በማግስቱም አልተናገርኩም። ሥራ ከመግባቴ በፊት ቁስቋም ማርያም ደጃፍ ቆሜ ልሳለም እልና ምን ብዬ እንደምለምን አጣለሁ። መልሺላት ልበል? የሞተ አልጌ ተነሥቶ ያውቃል? ላቦራቶሪ ስገባ «ደህና አደሩ እትዬ» ትለኛለች፤ እንደ ወትሮዋ ነው። ደብተሯ ላይ ጠርጥራ የሰረዘቻቸውን ነገሮች አያለሁ፤ ብርድ፣ ውሃ፣ ጨው፣ ብርሃን። «ወይራ» የሚል የለበትም። ሰው የማያስበውን ነገር እንዴት ይጠረጥራል?

በአራተኛው ቀን በሩን ዘጋሁና አጠገቧ ቆምኩ።

«ልጄ፣ አንድ ነገር ልንገርሽ።»

«ምነው? ታመሙ እንዴ?»

«አጠንኳቸው።»

«ምኑን?»

«ፍላስኮቹን። በወይራ። ያን ቀን፣ ፈተና የሄድሽ ለታ።»

በርጩማዋ ላይ ዞረች። አየችኝ። ፊቴን አይደለም፤ እጄን ነው ያየችው።

«ለምን እትዬ?»

«በደንብ ንጹሕ ይሁኑ ስላልሽኝ።»

ብትጮህብኝ ደስ ባለኝ። ብትሰድበኝ፣ ያን የመጀመሪያውን ቀን እንደጮኸችው ብትጮህ። እሷ ግን ተነሥታ አንዱን ፍላስክ አነሣችና አሸተተችው፤ አስቀመጠችው።

«ብርዱ ይሆናል» አለች ቀስ ብላ። «ሰሞኑን ማታ ማታ በጣም በርዷል። ጢሱ ሊሆን ይችላል፤ ላይሆንም ይችላል።»

«እንዴት ይታወቃል?»

«አንዱን በታጠነ፣ አንዱን ባልታጠነ አድርጎ እንደገና መሞከር ነው።»

«እንሞክራ!»

«በምን እትዬ?» አለችኝ። «ለመሞከር እኮ እነሱ ያስፈልጋሉ።»



ለሽማግሌው እንደውል ያልኩት እኔ ነኝ። ኔትወርኩ ሲመጣ ሲሄድ ሁለት ቀን ፈጅቶብን አገኘናቸው። ልጅቷ ዘንድሮ ራሷ መምጣት እንዳልቻለች ነገረቻቸው።

«ውሃው አለ» አሉ። «የሌለው መንገዱ ነው።»

«መንገዱ ሲከፈት በሰው እጅ ቢልኩልኝስ አያ? ከዚያችው ከዓለቷ፣ ያኔ ከቀዳንባት።»

«ከዓለቷ? ከላይኛው ምንጭ አይሻልሽም?»

«ከዓለቷ አያ። በሞቴ።»

«እሺ፣ እሺ። ቃሌ ነው። ከዓለቷ።»

ከዚያ ሌላ የሚባል ነገር እንዳለ ሁለታችንም አልታሰበንም።

ጠበቅን። መስኮቱን ወለወልኩት፣ መደርደሪያውን ወለወልኩት። ፍላስክ ግን አላጠብኩም፤ እሷ ራሷ አጥባ ራሷ አፈላች፣ እኔም አልተቀየምኩም። መንገዱ ለሁለት ቀን ተከፈተ ሲባል አንድ የጭነት መኪና ሾፌር ቢጫ ጀሪካን ይዞልን መጣ። አዘዞ ድረስ ሄደን ተቀበልነው። ልጅቷ ጀሪካኑን ባጃጅ ውስጥ እግሯ መሀል አድርጋ፣ በነጠላዋ ከፀሐይ ጋርዳ ነው ያመጣችው። 

ብርጭቆ ውስጥ ስትቀዳው ጥርት ያለ ውሃ ነው። ወደ መስኮቱ አነሣችው። ብርጭቆው ባዶ ይመስላል።

«ከላይኛው ምንጭ ይሆን የቀዱልን?» አለች።

«ቃሌ ነው ብለዋል እኮ» አልኩ።

እንዲያም ሆኖ ምግቡን ጨመረችበትና መስኮቱ ሥር አስቀመጠችው። ጥርት ባለ ውሃ ውስጥም አንድ ሁለት አልጌ ልትኖር ትችላለች አለችኝ፤ ዓይን አያያትም እንጂ። ከዚያ በኋላ ጠዋት ጠዋት ጋዋኔን ሳልለብስ በፊት እሱን ነው የማየው። አንዳንድ ቀን ፀሐይዋ በአንድ በኩል ስትመታው አረንጓዴ መሰለኝ እላታለሁ፤ መጥታ ታያለች። የመስኮቱ መጋረጃ ነው አረንጓዴው። ሳምንቱ አለፈ። ሁለተኛው አለፈ። ሽማግሌው ጋ እንደውላለን፤ ስልኩ አይነሳም። ሌላ ከተማ ያለው አስተማሪዋ ግን ደወለ። ድምፁ ደግ ነው፤ ሐሳቡን ግን አልቀየረም። እስከ ሦስተኛው ሳምንት መጨረሻ ድረስ ካልሆነ ያ ምዕራፍ ይውጣ አለ። ዝናቡም ጀምሯል።

የሦስተኛው ሳምንት ዓርብ ስልኳ ጠራ። ሽማግሌው ናቸው። ድምፁን ከፍ አድርጋ ጠረጴዛው ላይ አኖረችው፤ እኔም ቀረብኩ።

«ደረሰ ወይ? ደረሰ ያ ውሃ?»

«ደረሰ አያ። እግዜር ይስጥልኝ።»

«ከዚያችው ከዓለቷ ነው የቀዳሁት፤ ቃሌን አላጠፋሁም። ግን እንዲያው አልላክሁትም የኔ ልጅ። ለሰው እንዲያ ያለ ውሃ ይላካል እንዴ? ዓለቷን ከላይ እስከ ታች በአሸዋ ፈገፈግኋት። ያን ዝልግልግ ሁሉ አወረድሁት። አንዲት አረንጓዴ አላስቀረሁባትም። ሦስት ቀን ሲንጠባጠብ፣ ሲጠራ ጠበቅሁ። ጀሪካኑንም በግራዋ አሽቼዋለሁ። አሁን ብታያት አታውቂያትም፤ ነጭ ሆናለች ዓለቷ።»

ያቺ ዓለት እስካለች ድረስ፣ ዘንድሮ ባይሆን ከርሞ፣ መንገዱ ሲከፈት እንሄዳለን እያልን ነበር እኮ በየልባችን።

«አለሽ ወይ? ምነው ዝም አልሽ? ሸጋ አልነበረም ወይ ውሃው?»

መስኮቱ ላይ ያለውን ብርጭቆ አየችው።

«ሸጋ ነበር አያ» አለች ቀስ ብላ። «እንባ የመሰለ።»

«ትምህርትሽንስ ረዳሽ?»

«ረድቶኛል። በጣም ነው የረዳኝ።»

«ተመስገን! እኔ እኮ ያኔ ያን ቆሻሻ ይዛችሁ ስትሄዱ ሆዴ ሲበላኝ ከርሟል» አሉ፤ እርሻው፣ ዝናቡ፣ ላሚቷ ወልዳለች አሉ። ሁሉንም አዳመጠቻቸው። መርቀዋት፣ አሜን አስብለዋት ዘጉ።

ያን ድምፅ አውቀዋለሁ። ጢሱን የነገርኳት ቀን «ብርዱ ይሆናል» ያለችኝ ድምፅ ነው፤ ያው ቀስ ማለቱ፣ ያው ሌላ ቦታ እያዩ መናገሩ። እስከዚያች ሰዓት ድረስ ያን ቃሏን እንደ ልብስ ተከናንቤው ነበር የምሄደው፤ ላይሆንም ይችላል እያልኩ። አሁን ግን አየኋት፣ እሷም እንዳየኋት አወቀች። ኮምፒውተሯን ከፍታ ለአስተማሪዋ መጻፍ ጀመረች።

እኔ ወደ መስኮቱ ሄድኩና ያን ጥርት ያለ ውሃ የያዘውን ፍላስክ አነሣሁት። የጥጥ ውታፉን ነቀልኩ። ማጠቢያው ጋ ስደርስ ዘንበል ከማድረጌ በፊት ትንሽ ቆምኩ፤ ምናልባት ብዬ።

ከኋላዬ የጮኸ ሰው አልነበረም።